አነስተኛ የንግድ ተቋም ድረ ገጹ በፍለጋ ሞተር እንዲገኝ ምን ማድረግ አለበት? የወሎ ሰፈር ማሳያ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ጎዳና ላይ የሚገኘው ወሎ ሰፈር፣ በአዲስ አበባ ከተማ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የንግድ እንቅስቃሴ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከጎተራ የሚመጣው የኢትዮ-ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ከቦሌ መንገድ ጋር የሚገናኘው በዚሁ ስፍራ በመሆኑ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ምግብ ቤቶች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች፣ የልብስ ስፌትና የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ተጠጋግተው ይሠራሉ። ብዙዎቹ ጥቂት ሠራተኞች ያሏቸው አነስተኛ ተቋማት ናቸው።

እነዚህ ተቋማት ለረጅም ጊዜ ደንበኛ ሲያገኙ የኖሩት በአላፊ አግዳሚው፣ በሰው ለሰው ምስክርነትና በደጃፋቸው በሚሰቅሉት ማስታወቂያ አማካይነት ነው። አሁን ግን በአውሮፕላን የሚመጣው እንግዳ፣ በካዛንቺስ አጠገብ ወደሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለስብሰባ የሚጠራው ተሳታፊ፣ ከውጭ አገር ለዘመድ ሠርግ የሚመጣው ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ እንዲሁም የከተማዋ ነዋሪ ራሱ የሚያስፈልገውን አገልግሎት አስቀድሞ በእጅ ስልኩ ይፈልጋል። በፍለጋው ያልታየ ተቋም ለዚህ ደንበኛ እንደሌለ ይቆጠራል።

ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደረገው በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ ነው። ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ የሚዘልቀው መስመርና ከሜክሲኮ በሳር ቤትና በጎተራ በኩል ወሎ ሰፈር የሚደርሰው መስመር በመጀመሪያው ምዕራፍ ከተካተቱት መካከል ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሥራው ወደ ካዛንቺስ ተሻግሮ ነባር የንግድ ቤቶች ተነሥተዋል። በአዲስ አበባ የአንድ ሱቅ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን «ከባንኩ ጀርባ»፣ «ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት» በሚል የቅርብ ምልክት ነው። ምልክት የሆነው ሕንፃ ሲነሣ አድራሻውም አብሮ ይጠፋል። ሱቁ ራሱ ሲዛወር ደግሞ የ20 ዓመት ደንበኛ እንኳ ስልክ ቁጥሩን ካልያዘ የሚቀረው አማራጭ የተቋሙን ስም ጽፎ መፈለግ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያገኘው ውጤት ትክክለኛ መሆን አለመሆኑ ድረ ገጹ አስቀድሞ በተሠራበት መንገድ ይወሰናል።

ስለ ድረ ገጽ ተፈላጊነት የሚጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ለሚሠሩ ተቋማት የተዘጋጁ በመሆናቸው ለአማርኛ ጽሑፍና ለአዲስ አበባ አድራሻ የሚበጀውን ሁሉ አይነግሩም። ለወሎ ሰፈር ነጋዴ ቀዳሚው ሥራ ረቂቅ የኮምፒውተር ጥበብ ሳይሆን የራሱን ስም፣ አድራሻና የሥራ ዓይነት በሁለቱም ፊደላት፣ በአንድ ወጥ አጻጻፍ፣ ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ማስፈር ነው። የዚህ ሥራ ከፊሉ ደግሞ የሚጀምረው ፈቃድ ከሚሰጠውና አድራሻ ከሚመዘግበው የመንግሥት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የፍለጋ ሞተር እንደ መዝገብ ቤት

የፍለጋ ሞተር ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር የዓለምን ድረ ገጾች እየዞረ አይመረምርም። አሠራሩ ከመዝገብ ቤት አሠራር ጋር ይመሳሰላል። አሳሽ ተብለው የሚጠሩት ፕሮግራሞቹ ቀን ከሌሊት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማገናኛዎች እየተሸጋገሩ ጽሑፉን ይሰበስባሉ፤ የተሰበሰበው በየቃሉ ተለይቶ በማውጫ ይመዘገባል፤ ጠያቂ ሲመጣ ከማውጫው የሚስማማው ተመርጦ በደረጃ ይቀርባል። እ.ኤ.አ በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ጎግልን ሲመሠርቱ ለደረጃ አሰጣጡ ያመጡት አዲስ ሐሳብ አንድ ገጽ ምን ያህል ሌሎች ገጾች እንደጠቆሙትና ጠቋሚዎቹም ራሳቸው ምን ያህል ተጠቋሚ እንደሆኑ መቁጠር ነበር። ዛሬ መመዘኛዎቹ እጅግ በዝተዋል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም።

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ፋይል የሚጠፋው ሁልጊዜ ወረቀቱ ስለተቀደደ አይደለም። ብዙ ጊዜ ፋይሉ በቦታው አለ፤ ነገር ግን የባለጉዳዩ ስም በአንድ ፊደል ተለይቶ ስለተጻፈ ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የአማርኛ ድረ ገጾች ዋነኛ ችግር ይኸው ነው።

የፊደል ጉዳይ

በዩኒኮድ ሠንጠረዥ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «ሠ» 1220፣ «ሰ» ደግሞ 1230 የሚል መለያ ቁጥር አላቸው። አንባቢ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ያነባቸዋል፤ ለኮምፒውተር ግን እንደ «መ» እና «ረ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። «የጽሕፈት መሣሪያ» የሚለውን ብንወስድ «ጽ» በሁለት፣ «ሕ» በሦስት፣ «ሣ» በሁለት መንገድ ሊጻፉ ስለሚችሉ አንዱ ስያሜ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። «ሰዓት ጥገና»፣ «የቤት ዕቃ»፣ «ሥጋ ቤት»፣ «የጾም ምግብ» የሚሉት የዕለት ተዕለት የንግድ ቃላትም ከዚህ አያመልጡም።

የፍለጋ ሞተሮች የእንግሊዝኛን የፊደል ስህተት በማረም የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው። በአማርኛ ግን ሞክሼ ፊደላትን በማናቸውም ጊዜ ያመሳስላሉ ብሎ መተማመን አያዋጣም። በመሆኑም ተቋሙ ለስሙና ለዋና አገልግሎቱ አንድ አጻጻፍ መርጦ በማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በድረ ገጹ፣ በካርታው ላይና በማኅበራዊ ገጾቹ ሁሉ ያንኑ መጠቀም ይኖርበታል። ለአገልግሎቱ ስያሜ ሲመርጥ የሚከተለው መዝገበ ቃላቱን ብቻ ሳይሆን ደንበኛው በስልኩ የሚጽፈውንም መሆን አለበት። ሰው በጣቱ ሲጽፍ የሚቀናውን ፊደል እንጂ ሥርወ ቃሉን አያስብም። የተለመደው ሌላ አጻጻፍ በገጹ አንድ ስፍራ ለንባብ በሚመች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢገባ ይጠቅማል። 12ቱንም በተርታ መደርደር ግን ገጹን የሚያጎድፍ ከመሆኑም በላይ የፍለጋ ሞተሮች እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩት ድርጊት ነው።

የአማርኛ ሰዋስውም የራሱን ችግር ያመጣል። በአማርኛ መስተዋድድ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚጻፍ «በወሎ ሰፈር»፣ «የወሎ ሰፈር»፣ «ከወሎ ሰፈር» ሲባል የመጀመሪያው ቃል በየጊዜው መልኩን ይለውጣል። ቃሉን ከነቅጥያው ለመተንተን የማይችል ፕሮግራም «በወሎ» የሚለውን ከ«ወሎ» የተለየ ቃል አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ስለዚህ በገጹ ርእስና በአድራሻው መስመር ላይ የሰፈሩን ስም ያለ ምንም ቅጥያ «ወሎ ሰፈር» ብሎ መጻፍ ይመረጣል። ለምሳሌ «የልብስ ስፌት፣ ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ» የሚል ርእስ «በወሎ ሰፈር የሚገኘው ድንቅ የልብስ ስፌት ቤታችን» ከሚለው ይልቅ ለፍለጋ ይመቻል። ለዓይንም ቀለል ይላል።

ወደ ላቲን ፊደል ሲኬድ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። የ«ወሎ»ን የመጀመሪያ አናባቢ አንዱ በላቲኑ «ኦ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፈዋል፤ «ኤል» የተባለውን ፊደል አንዱ ነጠላ፣ ሌላው ድርብ ያደርገዋል፤ በ«ሰፈር» ላይ ያለውን «ኤፍ» የሚደርብም አለ፤ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ የሚጽፍም አይጠፋም። ሲባዛ 16 አጻጻፍ ይሆናል። ጎረቤቱ ካዛንቺስም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። በአማርኛው እንኳ ካዛንቺስ፣ ካዛንችስ፣ ካሳንቺስ እየተባለ ይጻፋል። ስሙ በጣሊያን ወረራ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶችን ይሠራ ከነበረው ብሔራዊ ተቋም አሕጽሮተ ስም የመጣ የጣሊያንኛ ቃል በመሆኑ ትክክለኛው የአማርኛ አጻጻፍ ይህ ነው ብሎ ለመወሰንም ያስቸግራል። የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች የሥራ ባልደረቦች ማለትም የመንግሥት ሠራተኞች ስማቸውን ለሰፈሩ አውርሰዋል ማለት ነው።

በላቲን ፊደል ለሚጻፈው ስም የተሻለው መፍትሔ በካርታ አገልግሎቶች ላይ ለሰፈሩ የተሰጠውን አጻጻፍ ተከትሎ መጻፍ ነው። ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ በ2011 በጋራ ባቋቋሙት የመረጃ መግለጫ ሥርዓት ውስጥ «ተለዋጭ ስም» የሚመዘገብበት ቦታ ስላለ ሌሎቹ አጻጻፎች በዚያ ሊገቡ ይችላሉ። ይህ ለጎብኚ የማይታይ፣ ለፍለጋ ሞተር ብቻ የሚነገር መረጃ ሲሆን ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ የሚያስገባው ነው።

እዚህ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ጎልቶ ይታያል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው መሠረት በሚሰጠው ፈቃድ ላይ የሚሠፍረው ስም ባለቤቱ በባንክ፣ በግብር መሥሪያ ቤትና በኢንተርኔት ሁሉ ይዞት የሚዞረው ስም ነው። መዝጋቢው ስሙን በአማርኛ በአንድ ዓይነት፣ በላቲን ፊደል በሌላ ዓይነት ካሰፈረውና በእድሳት ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ አጻጻፍ ከተጨመረ ነጋዴው በተለያዩ መዝገቦች የተለያየ ተቋም ይመስላል። ጎግልን የመሰለ ድርጅት አንድ ተቋም በእርግጥ መኖሩን የሚያረጋግጠው ስሙ፣ አድራሻውና ስልኩ በተለያዩ ስፍራዎች አንድ ዓይነት ሆነው ሲገኙ ነው። አመልካቹ ስሙ በሁለቱም ፊደላት እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልግ በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅና ያንኑ መገልበጥ ለመሥሪያ ቤቱ ምንም ወጪ የለውም።

ጽሑፍ እንጂ ምስል አይሁን

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በአገሪቱ ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግእዝን ፊደል ቅርፅ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ አስቀምጠው የሚያሳዩ ነበሩ። በዚህ መንገድ የተጻፈ ገጽ ቅርጸ ፊደሉ ለተጫነለት ሰው አማርኛ ሆኖ ይነበባል፤ ለፍለጋ ሞተር ግን ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። በዚህም ምክንያት በርካታ አዘጋጆች ጽሑፉን ፎቶግራፍ አድርገው ይጭኑ ነበር። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግእዝ ቅርጸ ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ካወጣና የእጅ ስልኮች ፊደሉን ከፋብሪካ ይዘው መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ይህ ሁሉ ድካም አላስፈላጊ ሆኗል።

ልማዱ ግን አልለቀቀም። የዛሬዎቹ ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝራቸውን በሚያምር ምስል አሠርተው ይለጥፋሉ፤ የእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል ዋጋቸውን በፎቶግራፍ ላይ ይጽፋሉ። የፍለጋ ሞተሮች በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍን የማንበብ ችሎታቸው ቢሻሻልም በአማርኛ በዚህ ላይ መመካት አይቻልም። ምግብ ቤቱ «የጾም በያይነቱ» እንዳለው በተራ ጽሑፍ ካልገለጸ ረቡዕና ዓርብ በአካባቢው የጾም ምግብ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ምስል አይቅር፤ ነገር ግን ከምስሉ ሥር ያው መረጃ በጽሑፍ ይድገም፤ ለምስሉም ምንነቱን የሚገልጽ አጭር መግለጫ ይሰጠው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተቃኝቶ ሲለጠፍ የሚታየውም ተመሳሳይ ጉድለት ነው። የጨረታ ማስታወቂያው በምስል ብቻ ከወጣ የሚመለከተው አነስተኛ ነጋዴ በፍለጋ ሊያገኘው አይችልም።

የገጹ ይዘትና አቀራረብ

እያንዳንዱ ዋና አገልግሎት የራሱ ገጽ ሊኖረው ይገባል። ኮምፒውተር የሚጠግን፣ የማተሚያ ቀለም የሚሞላና የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ቤት ሦስቱንም በአንድ ገጽ ከሚያጭቅ ለየብቻ ቢያስቀምጣቸው ለሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ሊሆን ይችላል። በገጹ ላይ የሚጻፈው ደንበኛ በስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ነገር ነው፦ ዋጋው ከስንት ይጀምራል፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ መኪና ማቆሚያ አለ ወይ፣ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ። «ጥራት ያለው አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለውን ማንም ፈልጎ አያውቅም።

በአንድ ወቅት የድረ ገጽ ሠሪዎች ከገጹ ጀርባ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር እየደረደሩ ለደንበኛ ትልቅ ሥራ አድርገው ያቀርቡት ነበር። ጎግል ይህን ዝርዝር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ በ2009 በይፋ አስታውቋል። ዛሬም ለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍል ካለ ደንበኛው ያልተሰጠውን አገልግሎት እየከፈለ ነው።

ሁለት ቋንቋ የሚጠቀም ድረ ገጽ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በአንድ ገጽ ከማቀላቀል ለእያንዳንዱ የተለየ አድራሻ ያለው ገጽ ሰጥቶ አንዱን ከሌላው ማገናኘትና በገጹ ኮድ ውስጥ የቋንቋውን ምልክት ማስገባት አለበት። ጎግል አማርኛን እ.ኤ.አ በ2016 ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ካስገባ ወዲህ የእንግሊዝኛውን ገጽ በማሽን አስተርጉሞ እንዳለ መለጠፍ እየተለመደ መጥቷል። ሰው ሳያርመው የተለጠፈ የማሽን ትርጉም በፍለጋ ሞተሮች ዝቅ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ አንባቢውንም ያሸሸዋል። ሁለት አንቀጽ በሰው እጅ የተጻፈ ንጹሕ አማርኛ ከአሥር ገጽ የማሽን ትርጉም ይሻላል።

ስለ ፍጥነት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለአነስተኛ ተቋም ግን ነገሩ በአብዛኛው በፎቶግራፍ መጠን ያልቃል። በእጅ ስልክ ተነሥቶ ሳይቀነስ የተጫነ አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን አምስቱ 20 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ ገጹን የሚከፍተው ሰው ይህን ያህል መረጃ በራሱ ገንዘብ ይገዛል ማለት ነው። ያው ፎቶግራፍ ለስልክ ሰሌዳ እንዲበቃ ተደርጎ ከ200 ኪሎባይት በታች ሊወርድ ይችላል። ጎግል የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። እ.ኤ.አ በ2016 ያስታወቀውንና በ2023 ያጠናቀቀውን ለውጥ ተከትሎም ድረ ገጽን የሚመዝነው በእጅ ስልክ በሚታይበት መልኩ ነው። ስለሆነም ባለቤቱ አዲስ የተሠራለትን ገጽ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በተራ ስልክ፣ ወሎ ሰፈር መንገድ ዳር ቆሞ ከፍቶ ቢረከበው ይበጃል።

አድራሻ፣ ካርታና ሰዓት

በአካባቢ ፍለጋ ጎግል የሚከተላቸው መመዘኛዎች ሦስት መሆናቸውን ኩባንያው ይገልጻል፤ እነርሱም ከጥያቄው ጋር ያለው አግባብነት፣ ከጠያቂው ያለው ርቀትና የተቋሙ ታዋቂነት ናቸው። ርቀቱን ለማስላት ተቋሙ በካርታ ላይ ትክክለኛ ነጥብ ሊኖረው ያስፈልጋል። በጎግል ካርታ ላይ የንግድ ቤትን ማስመዝገብ ክፍያ የለውም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይዘወተርበት ከተማ ነጥቡ በትክክል በራሱ በር ላይ መቀመጡ ከአድራሻው ጽሑፍ ይልቅ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ በ2015 የተዋወቀው ፕላስ ኮድ የተባለው አጭር የቦታ መለያም የቤት ቁጥር ለሌለው በር ሁሉ በነፃ የሚገኝ አድራሻ ነው። ይህ ማለት ግን «ከ...ፊት ለፊት» የሚለው የለመድነው አነጋገር ይቅር ማለት አይደለም። ሰው የሚያውቀው በእርሱ ስለሆነ በጽሑፍ ይገለጽ፤ ምልክቱ ሲነሣ ግን ጽሑፉም በዚያው ሳምንት ይታረም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሥራ ሰዓት ላይ ነው። በካርታው መዝገብ ላይ የሚሞላው ሰዓት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥረው ዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ሱቅ በአገራችን አቆጣጠር «2» እና «12» ብሎ ከሞላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ በቀትር የሚዘጋ ሆኖ ይመዘገባል። ከሰዓት በኋላ የሚፈልግ ደንበኛም «ዝግ ነው» የሚል ምላሽ ያገኛል። ትክክለኛው አሞላል ከ8 እስከ 18 ሰዓት ነው። በድረ ገጹ የአማርኛ ክፍል በአገራችን፣ በእንግሊዝኛው ክፍል በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ማስቀመጥ ይቻላል። የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የፋሲካ፣ የረመዳንና የሌሎች በዓላት ሰዓትም ቀድሞ ይገለጽ። ስልክ ቁጥር በአገሪቱ መለያ 251 ተጀምሮ ቢጻፍ ከውጭ የሚደውለውም ከአገር ውስጥ የሚደውለውም በአንድ ንክኪ ያገኘዋል።

ታዋቂነት የሚባለው ሌሎች ስለ ተቋሙ ከሚሉት ይመነጫል። ደንበኞች በካርታው ላይ የሚጽፉት አስተያየት፣ የሙያ ማኅበራትና የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትን የመሳሰሉ ድርጅቶች በአባላት ዝርዝራቸው የሚያስቀምጡት ማገናኛ፣ የሠርግ አዳራሹ ለልብስ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው ለፎቶግራፍ አንሺው የሚሰጡት ጥቆማ ሁሉ ይቆጠራል። በገንዘብ የሚገዛ አስተያየትና ማገናኛ የተከለከለ ነው። «በሳምንት ውስጥ አንደኛ እናወጣዎታለን» ለሚሉ ሰዎችም ጆሮ መስጠት አይገባም፤ አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጎግል ራሱ ያስጠነቅቃል።

ባለቤትነት

ዛሬ በአዲስ አበባ አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ ዕቃውን የሚያስተዋውቀው በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ነው። ይህ ደንበኛን በቶሎ ለመድረስ ጠቃሚ ቢሆንም በእነዚህ መድረኮች የሚወጣው አብዛኛው ይዘት በፍለጋ ሞተር አይገኝም። ከሁለት ዓመት በፊት የተለጠፈውን ዋጋ የሚያስታውስም የለም። መድረኩ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑም አይዘነጋ። ጎግል ራሱ በካርታ ለተመዘገቡ ተቋማት በነፃ ይሰጥ የነበረውን ቀላል ድረ ገጽ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2024 ሲዘጋ በዚያ ብቻ ይገለገሉ የነበሩ ተቋማት ገጻቸውን አጥተዋል።

ስለዚህ የራስ የሆነ የድረ ገጽ ስም መያዝ ይመከራል። የኢትዮጵያ የአገር መለያ የሆነውና እ.ኤ.አ ከ1995 ጀምሮ ያለው «ነጥብ ኢቲ» ተቋሙ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ለደንበኛም ለፍለጋ ሞተርም ይጠቁማል። «ነጥብ ኮም» በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከውጭ በቀጥታ ሲገዛ ዓመታዊ እድሳቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል መሆኑ ከግምት ይግባ። የትኛውም ቢመረጥ ስሙ መመዝገብ ያለበት በንግድ ተቋሙ ባለቤት ስምና ኢሜይል እንጂ ድረ ገጹን በሠራው ባለሙያ አይደለም። ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ወይም አገር ሲለቅ የይለፍ ቃሉ አብሮ ከሄደ ተቋሙ የዓመታት ዝናውን ከነስሙ ያጣል። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ የስሙ ምዝገባ፣ የማስቀመጫ ሰርቨሩ፣ የካርታው መዝገብና የፍለጋ መከታተያው የይለፍ ቃላት በዝርዝር ይፈረምባቸው።

ድረ ገጹ ደንበኞች ስምና ስልካቸውን የሚሞሉበት ቅጽ ካለው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከተው ባለቤቱ ሊያውቅ ይገባል። ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆንም አለበት፤ ጎግል እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ የተመሰጠረ ግንኙነትን ለደረጃ አሰጣጥ በመጠኑ ከግምት ያስገባል፣ አሳሽ ፕሮግራሞችም ያልተመሰጠረውን ገጽ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» ብለው ይለጥፉበታል።

ተቋሙ ሲዛወር

ከወሎ ሰፈር ወይም ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄድ ተቋም ብዙ ጊዜ የሚፈጽመው ስህተት በአዲሱ ቦታ አዲስ ገጽና አዲስ የካርታ መዝገብ መክፈት ነው። በዚህ ጊዜ አሮጌው መዝገብ ከነአስተያየቱና ከነጥቆማው በቀድሞው ነጥብ ላይ ይቀራል፤ ደንበኛም ወደ ፈረሰው በር ይላካል። መደረግ ያለበት ነባሩን መዝገብ ከፍቶ ነጥቡን ወደ አዲሱ በር ማዛወር ነው። ድረ ገጹም አድራሻው ይስተካከልበት እንጂ ስሙ አይለወጥ። የግድ የሚለወጥ ከሆነ አሮጌው ስም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይዘጋ ጎብኚውን ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ይደረግ። በአድራሻ ገጹ ላይ «ቀድሞ ወሎ ሰፈር የነበረው» የሚል አንድ መስመር መጨመርም ተገቢ ነው፤ የቀድሞው ደንበኛ ሱቁን የሚፈልገው በሚያውቀው ሰፈር ስም ነውና።

ከዝውውሩ በኋላ ባሉት ወራት ጎግል በነፃ የሚሰጠውን የፍለጋ መከታተያ አገልግሎት መመልከት ያስፈልጋል። አገልግሎቱ ሰዎች ምን ቃል ጽፈው ወደ ገጹ እንደደረሱ በዝርዝር ያሳያል። በዝርዝሩ ውስጥ የተቋሙ ስም ባለቤቱ ባላሰበው አጻጻፍ፣ ሰፈሩም በ«ሠ» ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በአድራሻ ገጹ ላይ የሚጨመረው ተለዋጭ አጻጻፍ ከዚሁ ዝርዝር ይወሰዳል።